ተጽፎ የተጫወተ ጃዝ ምን ጎደለው? ለሰሞኑ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ደብረ ብርሃን ውስጥ ሙዚቃ የሚወድ ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ አንድ ጽሑፍ ደርሶታል። ለኔም ከተለያየ ሰው ተደጋግሞ መጥቶልኛል። የነገሩ መነሻ አንድ ቪዲዮ ነው። ኒኮላይ ካፑስቲን የሚባል የሙዚቃ ደራሲ ራሱ የጻፈውን ራሱ በፒያኖ ሲጫወት ያሳያል። ኪቦርድ የሚማሩ የከተማችን ልጆች ወደውት ሲቀባበሉት አንድ ጸሐፊ ረዘም ያለ ጽሑፍ አወጡ። ይሄ ጃዝም ክላሲካልም አይደለም፣ ልጆቻችን ጊዜያቸውን አያባክኑ የሚል ነው። ጽሑፉ በደንብ የተጻፈ ነው፣ ብዙ ሰውም አምኖበታል። እኔ ኪቦርድ የማስተምር ሰው ነኝ፣ ቪዲዮውን ሲቀባበሉ ከነበሩት ልጆች መካከል የኔም ተማሪዎች አሉበት። ስለዚህ ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

መጀመሪያ ጸሐፊው ያሉትን ሳላዛባ ላስቀምጥ። ጃዝ መድረክ ላይ እዚያው በዚያው የሚፈጠር ሙዚቃ ነው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ በኖታ ከተጻፈ ነፍሱ ወጥቷል ይላሉ። ቀጥለው፣ ክላሲካልም አይባልም፣ ሆቴል ውስጥ ራት ሲበላ ከሚሰማው ፒያኖ የሚለየው በፍጥነቱ ብቻ ነው ይላሉ። ሦስተኛው ክሳቸው ደራሲው የራሱን ሲጫወት የሚመዝነው የለም የሚል ነው፤ ቢሳሳትም የሚያውቅበት ሰው የለም፣ ጥሩ ሥራ ደግሞ ደራሲው በሌለበት በሌላ ሰው እጅ መቆም አለበት። አራተኛ፣ ጃዝን የፈጠሩት ጥቁር አሜሪካውያን ሆነው ሳለ ኮንሰርት አዳራሽ ገብቶ የተጨበጨበለት በነጮች ስም ነው። በመጨረሻ፣ ለሰሜን ሸዋ ልጅ ፒያኖ ባዳ ነው፣ በገናና ማሲንቆ እያለለት በሰው ዕቃ ምን ያደርጋል? አምስቱም ነጥብ መልስ ይፈልጋል፣ ክብደታቸው ግን እኩል አይደለም። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከባዱ የመጀመሪያው ስለሆነ እሱ ላይ ትንሽ እንቆይ።

አንድ ነገር ቶሎ ልመንላቸው። ካፑስቲን ራሱ የጃዝ ሙዚቀኛ ሆኖ እንደማያውቅ በግልጽ ተናግሯል። ኢምፕሮቫይዝ ማድረግ፣ ማለትም እዚያው እየፈጠሩ መጫወት፣ እንደማይስበው፣ የሱ ፈጠራ ሁሉ የተጻፈ እንደሆነ፣ በመጻፉም እንደተሻሻለ ነው ያስረዳው። ስለዚህ «ይሄ ሰው የጃዝ ተጫዋች አይባልም» ካሉ ሰውየው ራሱ ከጎናቸው ነው። ግን ከዚያ ተነስተው ሙዚቃው ነፍስ የለውም ወደሚል ድምዳሜ ሲሄዱ መንገዱ አይታየኝም። አንድ ሙዚቃ እንዴት እንደተሠራ ማወቅ አንድ ነገር ነው፣ ሲሰማ ሕይወት አለው ወይ ብሎ መጠየቅ ሌላ ነገር ነው።

ደግሞም ሰውየው ጃዝን ከሸክላ ብቻ ሰምቶ የኮረጀ አይደለም። የተወለደው በ1937 ዩክሬን ውስጥ ጎርሎቭካ በምትባል ከተማ ነው። ሞስኮ ኮንሰርቫቶሪ ገብቶ ከጎልደንቫይዘር ዘንድ ፒያኖ ተምሯል። ገና ተማሪ እያለ በ1957 ሞስኮ ላይ በተደረገው የዓለም ወጣቶች ፌስቲቫል የራሱን ድርሰት ከቢግ ባንድ፣ ማለትም ከትልቅ የጃዝ ባንድ፣ ጋር ተጫውቷል። በ1961 ተመርቆ ወጣና ኦሌግ ሉንድስትሬም በሚመራው የጃዝ ኦርኬስትራ ውስጥ ፒያኖ ተጫዋች ሆኖ አሥራ አንድ ዓመት ሠራ። ከከተማ ከተማ እየዞረ ማታ ማታ ጃዝ ሲጫወት የኖረ ሰው ነው እንግዲህ። ቀን የክላሲካል ጣት፣ ማታ የጃዝ ጆሮ። በኋላ ቁጭ ብሎ የጻፈው ሙዚቃ የወጣው ከዚህ ኑሮ ነው።

ጃዝና ኖታ ጠላት ናቸው የሚለውም በታሪክ አይቆምም። ሉዊ አርምስትሮንግን እንውሰድ፣ ከሱ በላይ ጃዝ ማን አለ? «ኮርኔት ቾፕ ሱይ» የሚባለውን ዜማውን በገዛ እጁ ጽፎ ለባለቤትነት መብት ያስገባው ጃንዋሪ 1924 ነው። በሸክላ የተቀዳው ፌብሩዋሪ 1926 ነው። ወረቀቱና ሸክላው ጎን ለጎን ሲታዩ፣ ሰዎች እዚያው የፈለቀ የሚመስላቸው ብዙው ነገር ከሁለት ዓመት በፊት ተጽፎ የነበረ ሆኖ ይገኛል። ታዲያ ይሄን ሸክላ ነፍስ የለውም እንበለው? የጃዝ ፒያኖ ተጫዋቹ አርት ታተምም አለ። በአንዳንዶቹ ታዋቂ ሥራዎቹ ላይ ጌጡና ሩጫው ከቀረጻ ቀረጻ ቦታውን ጠብቆ ይመጣል። ሰውየው አዘጋጅቶት፣ አብስሎት ነው የሚቀመጠው። የስኮት ጆፕሊን ራግታይም ደግሞ ጃዝ ከመምጣቱ በፊት ጀምሮ በኖታ እየታተመ ነው የተሸጠው፤ «ሜፕል ሊፍ ራግ» የወጣው በ1899 ነው።

ጸሐፊው የቤተ ክህነት ትምህርት እንዳላቸው ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። ስለዚህ እሳቸው ከኔ በላይ በሚያውቁት ነገር ልጠይቃቸው። የቅኔ ተማሪ ቀን ከጓደኞቹ ተነጥሎ ዱር ለዱር ቅኔ ሲቆጥር ይውላል። ቃል ይመርጣል፣ ያፈርሳል፣ እንደገና ይገጥማል። ከዚያ መምህሩ ፊት ቀርቦ ያሰማል፣ ይታረማል። የበሰለው ባለቅኔ ደግሞ ማኅሌት ላይ ቆሞ እዚያው ይዘርፋል። የቆመበት ሁሉ ያደንቀዋል፣ ማድነቅም ይገባዋል። ግን በሰሜን ሸዋ በየትኛው ደብር ነው ተማሪው ሲቆጥር የዋለውን ቅኔ «ቀድመህ ስላሰብክበት ቅኔ አይደለም» ብለው የመለሱት? የሚጠየቀው ሰሙና ወርቁ መገጣጠሙ፣ ቤቱ መምታቱ፣ አዲስ መሆኑ ነው። ካፑስቲን የቆጠረ ሰው ነው። ሲቆጥር ውሎ የዘረፈ እስኪመስል ድረስ አብስሎ ማቅረቡ ለኔ ትልቅ ችሎታ እንጂ ጉድለት አይደለም።

ሁለተኛው ነጥብ፣ የሆቴሉ ፒያኖ። እዚህ ላይ ጸሐፊው አንድ ሁለት ቪዲዮ ብቻ ሰምተው የፈረዱ ይመስለኛል። ካፑስቲን በ1977 በባሮክ ዘመን የዳንስ ስብስብ ቅርጽ አንድ ሥራ ጽፏል፤ አለማንድ፣ ጋቮት፣ ሳራባንድ፣ ቡሬ፣ ዢግ እያለ ባህ ዘንድ የምናውቀውን ሰልፍ ይዞ ይሄዳል፣ በውስጡ ያለው ቋንቋ ግን ጃዝ ነው። በ1984 ስምንት የኮንሰርት ኤቱዶች፣ ማለትም ጣት የሚፈትኑ አጫጭር ቁራጮች፣ ጻፈ። በ1997 በሃያ አራቱም ቶን፣ በሜጀሩም በማይነሩም፣ ፕሬሉድ (አጭር መግቢያ) እና ፉጋ ጻፈ። ፉጋ ምን እንደሆነ ለማያውቅ በአጭሩ፦ አንድ ዜማ ብቻውን ይገባል፣ ሁለተኛ ድምፅ ያንኑ ዜማ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ይቀበለዋል፣ የመጀመሪያው ዝም አይልም፣ ሦስተኛ ይጨመራል፣ ሁሉም በየራሱ እየሄደ አንድ ላይ ይስማማል። አሥር ጣት ሦስትና አራት ሰው ሆኖ ይነጋገራል ማለት ነው። ይሄን ራት እየበሉ የሚሰሙት ሙዚቃ ማለት ለሥራው ፍትሕ አይደለም። ማንም የተጠራጠረ ሰው ቀኝ እጁን ይተውና ግራ እጁን ብቻ ይከተል። የሆቴል ፒያኖ ላይ ግራ እጅ ኮርድ (አንድ ላይ የሚመቱ ድምፆች) እየመታ ይጠብቃል። እዚህ ግን የቤዝ ጊታሩን፣ የከበሮውንና የነሐስ መሣሪያዎቹን ሥራ ሁሉ እየሠራ ይሮጣል።

የጸሐፊው ትችት እውነት ያለበት ቦታ አለ፣ አልክድም። ካፑስቲን ኖታ ያበዛል። ሃያ የፒያኖ ሶናታ፣ ማለትም ረዘም ያሉ ሥራዎች፣ ነው የጻፈው፣ ሁለት ሦስቱን አከታትሎ ለሰማ ሰው ጆሮው ይደክማል። ሁሉም ነገር አንድ ዓይነት ሙቀት ላይ የሚቆይባቸው ገጾች አሉ፣ ዝምታ የሚናፈቅባቸው። እኔም ተማሪዎቼን በኤቱዶቹ እንዲጀምሩ የምመክረው ለዚህ ነው፤ አጫጭር ናቸው፣ እያንዳንዱም የራሱ መልክ አለው።

አሁን ወደ ሦስተኛው። ደራሲው የራሱን ሲጫወት ማን ይመዝነዋል? መልሱ ቀላል ነው፣ ኖታው ይመዝነዋል። የካፑስቲን ሥራ ታትሞ ይሸጣል። የፈለገ ሰው ወረቀቱን ዘርግቶ ቀረጻውን እየሰማ መስመር በመስመር ማየት ይችላል። አስገራሚው ነገር፣ ጸሐፊው በመጀመሪያው ነጥባቸው እንደ ነቀፌታ ያነሱት መጻፉ፣ እዚህ ላይ ለጠየቁት ጥያቄ መልስ ይሆናል። ሁለቱን ክስ አንድ ላይ መያዝ አይቻልም። ተጽፏል ብለን ከነቀፍን በኋላ የሚመዝነው የለም ማለት አንችልም።

በሌላ ሰው እጅ ይቆማል ወይ ለሚለውም፣ ቆሟል። ስኮትላንዳዊው ስቲቨን ኦስቦርን በ2000፣ ካናዳዊው ማርክ አንድሬ አምላን በ2004 የካፑስቲንን ሥራዎች በሲዲ አውጥተዋል። ሁለቱም የክላሲካል ፒያኖ ሰዎች ናቸው፣ የጃዝ ባንድ ልጆች አይደሉም። ካፑስቲን በ2020 ካረፈ በኋላም በየአገሩ ወጣቶች ለፈተናና ለውድድር ይዘውት እየወጡ ነው።

ታዲያ የደራሲው የራሱ ቀረጻ ለምን ያስፈልገናል? የኔ ዋና መልስ ያለው እዚህ ላይ ነው። ጃዝ ውስጥ ስዊንግ የሚባል ነገር አለ። ሁለት እኩል የተጻፉ ኖታዎች እኩል አይጫወቱም፤ የመጀመሪያው ትንሽ ይረዝማል፣ ሁለተኛው ያጥራል፣ አንዳንዴም ክብደቱ ሁለተኛው ላይ ያርፋል። ምን ያህል ይረዝማል? እንደ ፍጥነቱ ነው፣ እንደ ሰውየው ነው፣ እንደ ቦታው ነው። ይሄን በትክክል የሚጽፍ ምልክት የለም። ወረቀቱ ለዜማውና ለኮርዱ ታማኝ ነው፣ አረማመዱን ግን ሙሉ በሙሉ አይሸከምም። አረማመዱን የምናገኘው ከደራሲው እጅ ነው። ካፑስቲን ሲጫወት ምቱን እንደ ባንድ ሰው ይጠብቃል፣ በየቦታው እየዘገየ አያለቅስም፣ ፔዳሉንም ይቆጥባል። አንዳንድ የክላሲካል ተጫዋቾች ያንኑ ኖታ ይዘው በሮማንቲክ መንገድ ሲጎትቱት ሙዚቃው ይላላል። ልዩነቱን ተማሪዎቼም ሳልነግራቸው ሰምተውታል።

የአሜሪካዊው የሙዚቃ ደራሲ የገርሽዊን ታሪክ ይሄንኑ ያሳያል። «ራፕሶዲ ኢን ብሉ» ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማው ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1924 ኒው ዮርክ ነው፣ በፖል ዋይትማን ባንድ፣ ገርሽዊን ራሱ ፒያኖ ላይ ተቀምጦ። ለባንዱ ያቀናበረው ፈርዲ ግሮፌ ነው፣ ጊዜው አጥሮ ስለነበር የፒያኖው ክፍል ሁሉ ተጽፎ አላለቀም። ገርሽዊን ብቻውን በሚጫወትበት ቦታ ላይ ባንዱ የሱን ራስ ንቅናቄ እየጠበቀ ነበር የሚገባው። በዚያው ዓመት አሳጥረው በሸክላ ቀዱት። ያንን ሸክላ ዛሬ የሚሰማ ሰው ይደነግጣል፣ ምክንያቱም በየኮንሰርት አዳራሹ ከለመድነው በጣም ይፈጥናል፣ ይቀልዳል፣ ይዘላል። በኋላ የመጡ ኦርኬስትራዎች አክብረው አክብረው አክብደውታል። ደራሲው ባይጫወተው ኖሮ ይሄን በምን እናውቅ ነበር?

ደራሲ ሁልጊዜ ምርጡ ተጫዋች ነው እያልኩ አይደለም። ፈረንሳዊው ደራሲ ራቬል በ1928 አሜሪካ ሄዶ ጃዝ በቅርብ ሰምቷል፣ በ1932 በወጣው፣ ለፒያኖና ለኦርኬስትራ በጻፈው የሶል ሜጀር ኮንሰርቶው ውስጥም የጃዝ ቀለም በግልጽ ይታያል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀርብ ግን ፒያኖውን የተጫወተችው ማርጌሪት ሎንግ ናት፣ እሱ ኦርኬስትራውን መራ። ጥሩ ውሳኔ ነበር። ሩሲያዊው ደራሲ ራክማኒኖቭም አራቱንም የፒያኖ ኮንሰርቶዎቹን ራሱ ተጫውቶ አስቀድቷል፣ ሦስተኛውን ፒያኖ ተጫዋቹ ሆሮዊትዝ ሲጫወትለት ግን ከልቡ አድንቋል። ደራሲው የመጨረሻው ዳኛ አይሁን፤ ምስክርነቱ ግን አይጣል ነው የምለው። አዝማሪስ ቢሆን የራሱን ግጥም በራሱ ማሲንቆ አይደል የሚለው? «ተቀበል!» ብለን የምንሰጠውን ስንኝ እንኳ በራሱ ዜማ ነው የሚመልስልን። ደራሲና ተጫዋች አንድ ሰው መሆኑ ለኛ አገር ሰው ሊያስገርም አይገባም።

አራተኛው ላይ ከጸሐፊው ጋር ብዙ አልጣላም። ጃዝን የፈጠሩት ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው። በኮንሰርት አዳራሹ በር ላይም እኩል አልተስተናገዱም። የጄምስ ፒ. ጆንሰንን ነገር ብቻ ብንወስድ ይበቃል። የሃርለም ፒያኖ ትልቅ ሰው ነበር፣ ገርሽዊንም ያደንቀው ነበር። «ያመክሮ» የሚባል ለፒያኖና ለኦርኬስትራ የጻፈው ሥራ በ1928 ካርኔጊ ሆል ሲቀርብ ጆንሰን የራሱን ድርሰት ራሱ መጫወት አልቻለም፤ በዚያን ጊዜ የሚሠራበት ትያትር አልለቀቀውም። በሱ ፋንታ ፋትስ ዋለር ተጫወተው። ገርሽዊን በራሱ ፒያኖ ፊት ተቀምጦ ያገኘውን ቀን ጆንሰን አላገኘውም። ይሄ ያናድዳል። ግን መፍትሔው ጆንሰንን ማምጣት፣ ለልጆቹ ማሰማት፣ ስሙን መጥራት ነው። ካፑስቲንን ማገድ ለጆንሰን ምንም አይጨምርለትም።

የመጨረሻው ነጥብ የኔንም ልብ የነካው ነው። ፒያኖ ባዳ ነው፣ ለደብረ ብርሃን፣ ለመንዝ፣ ለአንኮበር ልጅ ምን ያደርግለታል?

እውነቱን እንናገር። ከተማችን ውስጥ የተስተካከለ ፒያኖ ማግኘት ከባድ ነው። ልጆቹ የሚማሩት ስድሳ አንድ ቁልፍ ባለው ኪቦርድ ነው፣ ሰርግ ላይ በሚሠራበት ዓይነት። ቁልፉ ቀላል ስለሆነ ጣት አያጠነክርም፣ የካፑስቲን ኖታ ደግሞ ከኪቦርዱ ጫፍ ያልፋል። መብራት ሲጠፋ ትምህርቱም ይቆማል። ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አዲስ አበባ ነው፣ ወደ 130 ኪሎ ሜትር። ጸሐፊው ይሄን አንስተው ቢሆን ኖሮ አብሬያቸው እጮህ ነበር። በገናና ማሲንቆ ይማሩ ያሉትንም ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ።

ግን ባዳ ነው የሚለው አይገባኝም። እማሆይ ፅጌ ማርያም ገብሩ በ1923 ተወልደው፣ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ቫዮሊንና ፒያኖ ተምረው፣ በኋላ መንኩሰው፣ የራሳቸውን ድርሰት ራሳቸው በፒያኖ እየተጫወቱ በ1967 ጀርመን አገር ሸክላ አስቀድተዋል። እሳቸውን ጃዝ ናቸው ማለቴ አይደለም፣ መነሻቸው ክላሲካልና የኛው ዜማ ነው። ግን በነጭና ጥቁር ቁልፍ ላይ የኢትዮጵያን ነገር የጻፈ፣ የጻፈውንም የተጫወተ ሰው በመካከላችን ኖሮ በ2023 ነው ያረፈው። ግርማ ይፍራሸዋ አሉ፤ ያሬድ ተምረው፣ ሶፊያ ሄደው ክላሲካል አጥንተው፣ በ2014 ባወጡት አልበም ውስጥ በአምባሰል ስም የጻፉትን ራሳቸው ይጫወቱታል። ሳሙኤል ይርጋ በ2012 ባወጣው «ጉዞ» ላይ ጃዙንም ክላሲካሉንም የኛንም ቅኝት አብሮ ይዞ ሄዷል። ሙላቱ አስታጥቄ ከ1960ዎቹ ጀምሮ የሠራውን ሁሉም ያውቀዋል። የነሐስ መሣሪያውም ቢሆን ድሮ ነው የገባው። አርባ ልጆች የተባሉት አርመን የነሐስ ባንድ ተጫዋቾች ከኢየሩሳሌም አዲስ አበባ የገቡት በ1924 ነው፣ ገርሽዊን ኒው ዮርክ ላይ ያንን ሥራውን ባሰማበት ዓመት። ያኔ የገባ ነገር ዛሬም ባዳ ከሆነ መቼ ቤተኛ ይሆናል?

የጃዝ ኮርድ ለኛ ቅኝት ምን እንደሚሠራ ደግሞ በተግባር ላሳይ። አምባሰልን ከዶ እንጀምር፦ ዶ፣ ሬ ቢሞል፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ቢሞል (ቢሞል ማለት ግማሽ ቶን ዝቅ ያለ ነው)። አንድ ጀማሪ ኪቦርድ ተጫዋች ከሥሩ የተለመደውን የዶ ሜጀር ኮርድ ያስገባበታል። ወዲያው ይበላሻል፣ ምክንያቱም ኮርዱ ውስጥ ያለችው ሚ አምባሰል ውስጥ የለችም። ሰርግ ላይ ዜማው ፈረንጅ ፈረንጅ የሚሸተው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። አሁን ሬ ቢሞልን፣ ፋን፣ ላ ቢሞልን እና ዶን አንድ ላይ እንምታ። አራቱም የአምባሰል ልጆች ናቸው፣ አንድም ባዕድ የለባቸውም። ይሄ ኮርድ ሬ ቢሞል ሜጀር ሰባት ይባላል፣ ጃዝ ውስጥ በየገጹ የሚገኝ ነው፣ በተራ የኪቦርድ ትምህርት ውስጥ ግን ልጁ ቶሎ አያገኘውም። ሚን አውጥቶ በፋ የሚተካው የዶ ኮርድም እንደዚሁ ነው፣ ዶ፣ ፋ፣ ሶል፤ ከአምባሰል አይወጣም። ጃዝ የሰማ ልጅ እነዚህን በጆሮው ይዞ ይመጣል። ያልሰማው ልጅ ሜጀርና ማይነር ብቻ ይዞ ቅኝቱን ሲያፈርስ ይኖራል።

ባለፈው ክረምት አንዱ ተማሪዬ በነዚህ ኮርዶች አጭር የአምባሰል ቁራጭ ጽፎ አመጣ። ከጫፍ እስከ ጫፍ በኖታ። የተጫወተውም ራሱ ነው። ሌሎቹ ኖታውን ፎቶ አንስተው ወሰዱት፣ አሁን እየተለማመዱት ነው፣ አንዷ መካከሉ ላይ ያለውን ቦታ ከሱ የተሻለ ትጫወተዋለች።

ጽሑፉን ካነበቡ በኋላ ልጆቻቸውን ላስቀር ወይ ብለው የጠየቁኝ ወላጆች አሉ። አታስቅሯቸው። ጸሐፊውም ቅዳሜ ከሰዓት መጥተው ቢሰሟቸው ደስ ይለኛል፣ ከሰሙ በኋላ ያልተስማሙበትን ደግሞ እንደገና ይጻፉ፣ አነባለሁ።